ከራኩን እስከ ጥርኝ፦ የሌሊት እንስሳት በትንንሽ ልጆች የሳይንስ ትምህርት ውስጥ፣ በሆሳዕናና በሀዲያና ከምባታ ከተሞች

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ ትንንሽ ልጆችን ስለ አካባቢያቸው የዱር እንስሳት ለማስተማር ራኩን የተባለው እንስሳ ከመቶ ዓመት በላይ በምሳሌነት ሲያገለግል ኖሯል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ እ.ኤ.አ. በ1911 ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ባሳተሙት የተፈጥሮ ጥናት መመሪያ ውስጥ ራኩን ራሱን የቻለ ትምህርት ተመድቦለታል። እንስሳው ለዚህ ተግባር የሚስማማው ከሰው መኖሪያ አጠገብ ስለሚኖርና በሌሊት ስለሚንቀሳቀስ፣ በዚህም የተነሣ እምብዛም ባይታይም ዱካውንና የምግቡን ትራፊ ትቶ ስለሚሄድ ነው፤ ተማሪው ያላየውን እንስሳ ከተወው ምልክት ተነሥቶ እንዲያውቀው ዕድል ይሰጣል።

ራኩን በኢትዮጵያ በዱር የለም። ሆኖም ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀውና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችው በሆሳዕና፣ እንዲሁም በሾኔ፣ በጊምቢቹ፣ በሆመቾ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና የሚማሩ ልጆች ይህንኑ ባሕርይ የሚጋሩ እንስሳትን ስም እየሰሙ ያድጋሉ። ጥርኝ፣ ሸለመጥማጥ፣ ጃርትና ጅብ ጫካ ከመኖሪያ ሰፈርና ከእንሰት ጓሮ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የሚንቀሳቀሱ የሌሊት እንስሳት ናቸው። ይህ ዳሰሳ ስለ እነዚህ እንስሳት ያለውን የሥነ ሕይወት ዕውቀት፣ የሥርዓተ ትምህርቱን አቀራረብ፣ የልጆችን አስተሳሰብ የመረመሩ ጥናቶችንና በክፍል ውስጥ ሊሠራባቸው የሚችሉ ስልቶችን ይቃኛል። ዋና ጭብጡም በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥ የዱር እንስሳት ትምህርት በመጽሐፍ ሥዕል ከሚታወቅ የሩቅ እንስሳ ይልቅ ከእነዚህ የቅርብ እንስሳት ቢነሣ፣ የሳይንስን መሠረታዊ ልማድ ማለትም ከማስረጃ ተነሥቶ ማሰብን የተሻለ ያስጨብጣል የሚል ነው።

ራኩንና ወደ ሌሎች አገሮች ያደረገው ጉዞ

ራኩን በሳይንሳዊ ስሙ ፕሮሲዮን ሎቶር ይባላል፤ ዝርያውን በሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነው። ካርኒቮራ ከሚባለው የአጥቢ እንስሳት ክፍል የሚመደብ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ድመትን፣ ውሻን፣ ድብንና ጅብን ያጠቃልላል። የክፍሉ ስም ሥጋ በልነትን ቢያመለክትም፣ በውስጡ ካሉት እንስሳት ብዙዎቹ ፍራፍሬ፣ ሥራ ሥርና ነፍሳትም ይመገባሉ፤ እንደነዚህ ያሉት ሁሉን በል ይባላሉ። ራኩን ሁሉን በል ሲሆን፣ ዓይኖቹን የከበበ ጥቁር የፀጉር መስመርና ቀለበት ቀለበት የሆነ ጅራት አለው። የፊት እግሮቹ ጣቶች የመዳሰስ ችሎታቸው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ በጨለማም ሆነ በውኃ ውስጥ ምግቡን በዳበሳ ይለያል።

የራኩን ታሪክ ሰዎች ስለ አንድ እንስሳ የሚይዙት ምስል ምን ያህል ብርቱ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1934 በኤደርዜ ሐይቅ አካባቢ የተለቀቁ ጥቂት ራኩኖች ተራብተው ዛሬ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ይገኛሉ። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የራኩን ግልገልን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ የካርቱን ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ከተላለፈ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ራኩን ከውጭ አስመጥተው ነበር። እንስሳው ሲያድግ ጠባዩ ለቤት የማይመች በመሆኑ ብዙዎቹ ተለቀቁ ወይም አመለጡ፤ ዛሬም በእርሻና በቆዩ የእንጨት ቤተ መቅደሶች ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። በሥዕል የሚያምር እንስሳ በእውነተኛ ሕይወቱ ማን እንደሆነ ለልጆች አለማስተማር ለአካባቢም ለእንስሳውም ጉዳት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሀዲያና የከምባታ የሌሊት ጎረቤቶች

ከኢትዮጵያ እንስሳት መካከል በመልክም በአኗኗርም ለራኩን እጅግ የሚቀርበው ጥርኝ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲቬቲክቲስ ሲቬታ የሆነው የአፍሪካ ጥርኝ ከ7 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሰውነቱ ነጠብጣብና ሽንትር ያለበት፣ ዓይኖቹን ጥቁር ፀጉር የከበባቸው፣ በሌሊት ለብቻው የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነው። ፍራፍሬ፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ እንቁራሪት፣ ጥንብና ሌሎች እንስሳት የሚሸሹትን መርዛም ትል ጭምር ይበላል። ፍራፍሬ ከበላ በኋላ ዘሩን ከኩሱ ጋር ስለሚያስወጣ በደን መልሶ ማገገም ውስጥ ድርሻ አለው፤ ኩሱንም በተደጋጋሚ በአንድ ስፍራ የመጣል ልማድ ስላለው፣ ተመራማሪዎች እንስሳውን ሳይነኩና ሳያስደነግጡ ምን እንደበላ ከዚያ ክምር ያጠናሉ።

ጥርኝና ራኩን ይህን ያህል ቢመሳሰሉም የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። ካርኒቮራ በሁለት ታላላቅ ጎራዎች ማለትም በድመት መሰሎችና በውሻ መሰሎች የሚከፈል ሲሆን፣ ጥርኝ ከመጀመሪያው፣ ራኩን ከሁለተኛው ይመደባል፤ የሁለቱ ጎራዎች የዘር ሐረግ የተለያየው ከ40 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። በሩቅ የሚዛመዱ እንስሳት ተመሳሳይ ኑሮ በመኖራቸው ተመሳሳይ መልክ ወይም ጠባይ ሊያዳብሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዝምድናን የሚወስኑት በፊት ቀለም ሳይሆን በራስ ቅል፣ በጥርስ አወቃቀርና በዘረ መል ነው። በዚህ አመዳደብ ጅብ ውሻ ቢመስልም ከድመት መሰሎች ወገን መሆኑ፣ የእንስሳትን ምደባ ለሚጀምር ተማሪ መልክ ብቻውን በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥርኝ ከኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ጋርም የተሳሰረ ነው። በጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚገኘው ዝባድ የተባለው ጠንካራ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ከጊቤ ማዶ ከነበሩት መንግሥታት ጀምሮ በበሬ ቀንድ እየታሸገ ለንግድ ሲላክ የኖረ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ለዓለም ሽቶ ኢንዱስትሪ ዝባድ በማቅረብ ቀዳሚነቱን ይዛ ቆይታለች። ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ውሕድ አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1926 ያብራራው ሊዮፖልድ ሩዚችካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ወንድ ጥርኞች ከዱር ተይዘው በጠባብ ጎጆ መታሰራቸው ስለ እንስሳት ደኅንነት ብርቱ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይህም ከፍ ላሉት ክፍሎች ተማሪዎች ሳይንስና ሥነ ምግባር የሚገናኙበትን የውይይት ርእስ ያቀርባል።

ሸለመጥማጥ ከጥርኝ ጋር ከአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ቢሆንም ቀጠን ያለ፣ ረጅም ባለ ቀለበት ጅራት ያለውና ዛፍ የሚወጣ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት የሸለመጥማጥ ዝርያዎች አንዱ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የገለጸውና በአቢሲኒያ ስም የሚጠራው ዝርያ ነው። ገበሬው ሸለመጥማጥን የሚያውቀው በዶሮ ሌባነቱ ነው፤ ይሁንና ከምግቡ ዋነኛው አይጥና መሰል ትንንሽ እንስሳት በመሆናቸው፣ ለሰው የሚሰጠው ጥቅምና የሚያደርሰው ጉዳት ጎን ለጎን ሊመዘን ይገባዋል።

ጃርት በበኩሉ ከአይጥ ወገን የሆነ፣ በማያቋርጥ ሁኔታ በሚያድጉ የፊት ጥርሶቹ የሚቆረጥም እንስሳ ሲሆን፣ በእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከፍልፈልና ከዱር አሳማ ጋር የእንሰቱን ሥር የሚያጠፋ ተባይ ሆኖ ይታወቃል። ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ዕለታዊ ምግባቸው በሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ ያደገ ልጅ የጃርትን ጉዳት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሮ ያውቀዋል። ጅብ ደግሞ የአካባቢው ኅብረተሰብ የቤት አሠራሩን ጭምር ያስተካከለበት እንስሳ ነው፤ በሀዲያና በከምባታ ባህላዊ ክብ ቤት ውስጥ ከብቶች በአንዱ ወገን የሚያድሩበት ስፍራ መኖሩ፣ ከብቱን ከብርድም ከአውሬም ለመጠበቅ የታሰበ ነው።

በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለው ስፍራ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን ፊደል እየተጻፉ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነዋል። ሁለቱም የደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሳይንስ ትምህርት ያለው ጥቅም ከመግባባት ያለፈ ነው፤ አንድ ልጅ ስለ እንስሳ ድምፅ፣ ዱካ፣ ሽታና ጠባይ ከቤተሰቡ የቀሰመው ዕውቀት የተቀመጠው በዚያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ ሲጀመር ይህ ዕውቀት ከክፍሉ ውጭ ይቀራል።

በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያደረገ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ስለ ተፈጥሮና ስለ ኅብረተሰብ የሚሰጠው ትምህርት አካባቢ ሳይንስ በሚባል አንድ የትምህርት ዓይነት ተዋሕዷል፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ደግሞ አጠቃላይ ሳይንስ ይከተላል። ከዚያ በፊት ያለው የቅድመ አንደኛ ደረጃ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ-ክፍል እየተባለ የሚጠራውን ጨምሮ፣ ልጆች በጨዋታ፣ በሥዕልና በመዝሙር ከእንስሳት ስምና ድምፅ ጋር የሚተዋወቁበት ነው።

በዝቅተኛ ክፍሎች የተለመደው የእንስሳት ምደባ የቤት ወይም ለማዳ እንስሳትና የዱር እንስሳት የሚለው ነው። ይህ ምደባ ቀላልና ለጅማሬ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከቤትም ከዱርም መካከል የሚኖሩትን እንስሳት የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም። ከጣሪያ ሥር የምታድር የሌሊት ወፍ፣ ከቆሻሻ መጣያ የሚመገብ ጅብና ከእንሰት ጓሮ የሚጎበኝ ጃርት በሰው የተገሩ አይደሉም፤ ኑሯቸው ግን ከሰው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ተማሪዎች እነዚህን እንስሳት በሁለቱ ሣጥኖች ለማስቀመጥ ሲቸገሩ መምህሩ ችግሩን እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ግኝት ቢወስደው፣ ምደባ ሰዎች ለተወሰነ ዓላማ የሚያወጡት መለያ መሆኑንና አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ሊሻሻል እንደሚችል ለመማር ጥሩ አጋጣሚ ይሆናል።

ልጆች ስለ እንስሳት እንዴት ያስባሉ

ልጆች ስለ ሕይወት ስላላቸው ነገሮች የሚያስቡበትን መንገድ በሥርዓት መመርመር የጀመረው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ሲሆን፣ ትንንሽ ልጆች ለግዑዛን ነገሮች ጭምር ሕይወትና ፈቃድ እንደሚሰጡ ገልጿል። ይህ ዝንባሌ አኒሚዝም ይባላል። አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ሥራዋ ትንንሽ ልጆች ስለ እንስሳት የሚያስቡት ሰውን መለኪያ በማድረግ እንደሆነና በዕድሜና በትምህርት ይህ አስተሳሰብ በሥነ ሕይወታዊ ዕውቀት እንደሚተካ ተከራክራለች።

ተከታዮቹ ጥናቶች ግን ይህ ሰውን ያማከለ አስተሳሰብ በሁሉም ልጆች ዘንድ እኩል እንደማይታይ አመለከቱ። ጃፓናዊቷ ካዮኮ ኢናጋኪ ቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ያሳደጉ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለማያውቁት ሌላ የውኃ እንስሳ ሲጠየቁ ከዓሣው ያገኙትን ዕውቀት መነሻ አድርገው እንደሚመልሱ አሳይታለች። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በሚኖሩት የሜኖሚኒ ነባር ሕዝብ ልጆች፣ በገጠር ልጆችና በከተማ ልጆች መካከል የተደረገውና ዳግላስ ሜዲንና ስኮት አትራን የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሰውን መለኪያ የማድረግ ዝንባሌ ጎልቶ የታየው በከተማ ልጆች ዘንድ መሆኑን፣ ከተፈጥሮ ጋር የቀረበ ግንኙነት ያላቸው ልጆች ግን እንስሳትን በምግብና በመኖሪያ ትስስራቸው እንደሚያስቡ አመልክቷል፤ ለምሳሌ ንብና ድብ አንድ ባሕርይ ሊጋሩ የሚችሉት ድቡ ማር ስለሚበላ ወይም ንብ ስለምትነድፈው ነው የሚል ማብራሪያ የሰጡ ልጆች ነበሩ።

ይህ ግኝት ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። ከተሞቹ በእርሻ መንደሮች የተከበቡ በመሆናቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ከእንሰት ጓሮ የመጣ ልጅና የዱር እንስሳን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው በፊደልና በቋንቋ ወደ ኋላ የቀረ መስሎ ቢታይም ስለ እንስሳት ትስስር የያዘው ዕውቀት ከሁለተኛው የጠለቀ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ይህን ዕውቀት በክፍል ፊት እንዲቀርብ ካደረገው የትምህርቱ መሠረት ይሆናል። በተቃራኒው ዕውቀቱ ካልተጠየቀ በፍጥነት ሊደበዝዝ ይችላል። በብሪታንያ አንድሩ ባልምፎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የስምንት ዓመት ልጆች ፖኪሞን የተባለውን የጨዋታ ካርድ ገጸ ባሕርያት ከአገራቸው ተራ እንስሳትና ዕፅዋት በበለጠ ለይተው እንደሚያውቁ መታየቱ፣ ልጆች የመለየት ችሎታ እንደማያንሳቸውና ችሎታቸው ግን የሚቀርብላቸውን ነገር እንደሚከተል ያረጋግጣል።

ተረት፣ እምነትና ማስረጃ

የኢትዮጵያ ልጆች ስለ እንስሳት የሚሰሙት የመጀመሪያ ትምህርት ተረት ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ያወጉት አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም አርቲስት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ይህን ባህል ወደ መገናኛ ብዙኃን አሸጋግረዋል። በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተጀመረው ጸሐይ መማር ትወዳለች የተሰኘው የልጆች ዝግጅትም ጸሐይ የምትባል የአሻንጉሊት ቀጭኔ ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጓል። በእነዚህ ሥራዎች እንስሳት ይናገራሉ፣ ይመክራሉ፣ ይሳሳታሉም፤ ዓላማቸው ሥነ ምግባርና ዕውቀት ማስተላለፍ በመሆኑ ይህ ተገቢያቸው ነው።

የሳይንስ መምህር ግን በተረትና በሳይንስ መካከል ያለውን ድንበር ማሳየት ይጠበቅበታል። ፓትሪሻ ጋኒያና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ እንስሳት እንደ ሰው ሲያወሩና ሲያስቡ የሚያሳዩ መጻሕፍት የተነበቡላቸው ትንንሽ ልጆች ከመጻሕፍቱ የሚያገኙት እውነተኛ ዕውቀት እንደሚያንስና ለእንስሳቱ ሰብአዊ ባሕርይ የመስጠት ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ተረት ይቅር የሚል ሳይሆን፣ ተረቱ ካለቀ በኋላ ከተነገረው ውስጥ የትኛው በእውነተኛው እንስሳ ላይ ሊታይ እንደሚችል ተማሪዎች እንዲመረምሩ መደረግ አለበት የሚል ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጉም የሚሰጠው ጅብ ቁርበት እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ አነጋገሩ ስለ ጅብ አመጋገብ የተጠራቀመ ትዝብት ይዟል፤ ጅብ ይናገራል የሚለው ግን የአነጋገሩ ጌጥ ነው።

ከተረት ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቁት በእውነትነት የሚታመኑ አባባሎች ናቸው። ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል ይባላል፤ በእርግጥ ግን እሾሁ የተለወጠ ፀጉር ሲሆን፣ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካው አካል ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ አይወረወርም። ጅብ አንካሳ ነው ይባላል፤ አካሄዱን እንዲያነክስ የሚያስመስለው ግን የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ መርዘማቸው ነው። ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለው በብዙ አገር የተስፋፋ እምነት የመነጨው የዥጉርጉር ጅብ ሴቶች የውጭ ብልት ከወንዶቹ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሰው ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለው እምነት ደግሞ በቡዳነት የሚጠረጠሩ ሰዎችን የሚያገልል በመሆኑ፣ መምህሩ የተማሪዎቹን ቤተሰቦች ሳያዋርድ፣ ግን ያለ ማመንታት፣ አንድ እንስሳ ከእናቱ የሚወለድና እንደ ወላጆቹ የሚያድግ መሆኑን ማስረዳት አለበት።

የማስተማሪያ ስልቶች

የሌሊት እንስሳትን ማስተማር በአንድ ነገር ከሌላው የእንስሳት ትምህርት ይለያል፤ እንስሳው በክፍል ሰዓት አይታይም። ይህ እጥረት መስሎ ቢታይም የትምህርቱ ዋና ሀብት ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ስላላየው ነገር መናገር የሚችለው ምልክት ፈልጎ፣ ምልክቱን ለክቶና አወዳድሮ ሲሆን፣ ሳይንቲስቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የሚኖሩ ጅቦች በዐቢይ ጾም ወቅት ምን እንደሚመገቡ ያወቁት ኩሳቸው ውስጥ ከተገኘው ፀጉር ነው። በጾሙ ምክንያት እርድ ሲቀንስና የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያን አብዝተው ወደ ማደን እንደተሸጋገሩ ከፀጉሩ ዓይነት ተረጋግጧል። የሰው የጾም ሥርዓት በእንስሳ አመጋገብ ላይ ያለውን ውጤት የሚያሳየው ይህ ጥናት በቀላል አቀራረብ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ሊነገር የሚችል ነው።

በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ቀላሉ የዱካ ጥናት ነው። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ሥር ንጹሕ አመድ ወይም የተነፋ ለስላሳ አፈር በስሱ ተዘርግቶ በማግሥቱ ጠዋት ሲታይ፣ በሌሊት ያለፈው እንስሳ የእግሩን ቅርጽ ትቶ ይገኛል። የድመት ጥፍር ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዱካዋ ላይ አይታይም፤ የውሻና የጅብ ግን ይታያል። ጅብ በእያንዳንዱ እግሩ አራት ጣቶች ሲኖሩት ጥርኝ አምስት አሉት። ተማሪዎች ዱካውን በማስመሪያ ለክተው በደብተራቸው ይሥላሉ፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ ይመዘግባሉ፣ ከዚያም ግምታቸውን ከምክንያቱ ጋር ያቀርባሉ። የውሻ ዱካ ብቻ የተገኘበት ቀን እንኳ ያልጠበቁትን ውጤት በታማኝነት መመዝገብን ያስተምራቸዋል።

ሁለተኛው ስልት የቤት ውስጥ ጥያቄ ነው። ተማሪዎች አያቶቻቸውንና ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው በአካባቢው የትኞቹ እንስሳት ይታዩ እንደነበር፣ ዛሬስ የትኞቹ እንደቀሩ ጠይቀው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ስማቸው ያመጣሉ። መልሶቹ በአንድ ሰንጠረዥ ሲሰበሰቡ የደን መመንጠር፣ የእርሻ መስፋፋትና የከተማ ዕድገት በእንስሳት ላይ ያመጡት ለውጥ በተማሪዎቹ ቤተሰቦች ትውስታ ይገለጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የከምባታ አምበሪቾ ተራራና በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው የአእዋፍ መናኸሪያ ቦዮ ረግረግ ለዚህ ዓይነት ንጽጽር ጥሩ የጉብኝት ስፍራዎች ናቸው።

ሦስተኛው የምግብ ትስስርን በአካባቢው ሰብል ዙሪያ ማዋቀር ነው። በብዙ መጻሕፍት የምግብ ሰንሰለት በሣር፣ በሚዳቋና በአንበሳ ይገለጻል፤ በሆሳዕና ዙሪያ ግን እንሰት፣ ጃርት፣ አይጥ፣ ሸለመጥማጥ፣ ዶሮ፣ ከብትና ጅብ የሚገናኙበት መረብ ለተማሪው ቅርብ ነው። ተማሪዎች አንዱን እንስሳ ከመረቡ ሲያወጡ በሌሎቹ ላይ ምን እንደሚከተል ይወያያሉ። በመቀሌ ከተማ ዙሪያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚገመት የእንስሳት ሬሳ ትራፊ እንደሚያስወግዱና በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ለመቀነስ እንደሚረዱ መገለጹ፣ የሚፈራ እንስሳም ለሰው ጤና አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል ያሳያል።

እነዚህ ስልቶች ውድ መሣሪያ አይፈልጉም፤ አመድ፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ ከጭቃ የሚሠራ የጥርስና የእግር ቅርጽ እንዲሁም የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ይበቃሉ። በዓይን በሚታይ ምልክት ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸውም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ምቹ ናቸው። በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ የታወቀ ትምህርት ቤት መኖሩ ሲታሰብ፣ ለእንስሳቱ ስም፣ ለዱካና ለማስረጃ የሚሆኑ የምልክት ቋንቋ ቃላትን ከተማሪዎቹ ጋር ማደራጀት ራሱን የቻለ የትምህርት ሥራ ነው።

ደኅንነትና ጤና

ስለ ዱር እንስሳት የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ከደኅንነት ትምህርት ሊነጠል አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከፍተኛ የጤና ችግር ሲሆን፣ ወደ ሰው በዋነኛነት የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ነው፤ ይሁንና ቫይረሱ ማንኛውንም አጥቢ እንስሳ ሊይዝ ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ራኩን የዚህ በሽታ ዋነኛ ተሸካሚዎች ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ሩቅ ሆኖ መመልከትን ያስቀድማል። በሀዲያና በከምባታም ልጆች ሊያውቁት የሚገባው ደንብ አጭር ነው፤ የዱር እንስሳን ግልገሉን ጨምሮ አለመንካት፣ በቀን ያለ ፍርሃት ወደ ሰው የሚቀርብ የሌሊት እንስሳ ሲታይ መራቅና ለአዋቂ መንገር፣ ንክሻ ወይም ጭረት ቢደርስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ምልክቶቹ ከታዩ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ገዳይ በመሆኑ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

የኩስና የሬሳ ምልክቶችም በዓይን ይታያሉ እንጂ በእጅ አይነኩም። የጅብ ኩስ ነጭ የሚሆነው ከበላው አጥንት በሚመጣው ካልሲየም መሆኑን ተማሪው በመመልከት ብቻ ሊማረው ይችላል። ዱካ ፍለጋ በመምህር መሪነት፣ በቀን ብርሃንና በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መካሄድ አለበት፤ ከሥራው በኋላ እጅ መታጠብም የትምህርቱ ክፍል ነው። እንዲህ ሲሆን ጥንቃቄ ከፍርሃት ይለያል፤ የሚፈራ ልጅ ያየውን ይገድላል ወይም ይሸሻል፣ የሚጠነቀቅ ልጅ ግን ርቀቱን ጠብቆ ይመለከታል።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ ከ300 የሚበልጡ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች ያሏት አገር ናት፤ ለልጆች የሚሰጠው የእንስሳት ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ በአንበሳ፣ በዝሆንና በቀጭኔ ዙሪያ ይሽከረከራል። እነዚህ እንስሳት ክብር የሚገባቸው ቢሆኑም የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ተማሪ ስለ እነርሱ የሚማረው መምህሩን ወይም ሥዕሉን አምኖ ነው። ስለ ጥርኝ፣ ስለ ሸለመጥማጥ፣ ስለ ጃርትና ስለ ጅብ ሲማር ግን መምህሩ ያለውን በጓሮው ዱካ፣ በአያቱ ቃልና በራሱ መዝገብ ሊያመሳክር ይችላል። ራኩንም በዚህ ትምህርት ውስጥ ተገቢ ቦታ አለው፤ ተማሪው የራሱን ጥርኝ ካወቀ በኋላ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ተመሳሳይ ፊትና ተመሳሳይ ኑሮ ያለው ነገር ግን በቅርብ ዝምድና የማይገናኝ እንስሳ ሲቀርብለት፣ ንጽጽር ምን እንደሆነ በተግባር ይረዳል።

ይህን እውን ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል በአካባቢው አለ። የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ያሠለጥናል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በሆሳዕናና በዱራሜ ካምፓሶቹ የሳይንስ ምሁራን አሉት። ሁለቱ ተቋማት በሀዲያና በከምባታ የሚገኙ የሌሊት እንስሳትን በሥዕል፣ በዱካና በአካባቢው ቋንቋ ስማቸው የያዘ አነስተኛ የመምህር መመሪያ በጋራ ቢያዘጋጁ፣ በዞኖቹ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ያለ ብዙ ወጪ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የዝግጅቱ መነሻ መሆን ያለበት ልጆቹ ራሳቸው ከቤት ይዘውት የሚመጡት ዕውቀት ነው፤ ያ ዕውቀት ሳይመዘገብ ከአያቶች ጋር ካለፈ ግን መልሶ የሚያስገኘው የመማሪያ መጽሐፍ አይኖርም፤ ስለሆነም ሥራው ሊዘገይ አይገባውም።